የማይታዩ ከብቶች

ከዳንግላ ወጣ ብሎ አንድ የቆዳ ፋብሪካ አለ። ከፋብሪካው በታች ወንዝ አለ፤ ወንዙን ተከትሎ ደግሞ እኔ የተወለድሁበት መንደር አለ። ሦስቱን በዚህ ተራ ያስቀመጣቸው ማን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ወንዙና መንደሩ የእግዚአብሔር ሥራ ናቸው ቢባል፣ ፋብሪካውን ከላይ የተከለው ግን ሰው ነው፤ ያውም ተምሮ፣ ካርታ ዘርግቶ፣ መሬቱን ለክቶ። ንዴቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ፋብሪካው ትንሽ ነው። ከየገበያው የተሰበሰበው ጥሬ ቆዳ መጀመሪያ በኖራ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጠጉሩ ሲረግፍ ክሮሚየም በሚባል ብረት ይለፋል። ክሮሚየም የጠጣ ቆዳ ሰማያዊ ይሆናል። ቆዳው ያልጠጣው ትርፍ ከእጣቢው ጋር በቦይ ይወርድና ወንዛችን ውስጥ ይገባል። ሣር ይበሰብሳል፣ እበት ይበሰብሳል፣ ሰውም ይበሰብሳል። ብረት ግን አይበሰብስም፤ ከውሃ ወደ ጭቃ፣ ከጭቃ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ፈረስ ሆድ ይዞራል እንጂ የትም አይሄድም። ሊቃውንቱ ከባድ ብረት የሚሉት በሌላ ምክንያት ነው፤ እኔ ግን ክብደቱን የማውቀው በዚህ ነው።

በወንዙ ልብስ የሚያጥቡ የመንደራችን ሴቶች እጃቸው እየተሰነጣጠቀ ቁስሉ አልሽር ይላቸዋል። ከብቱ ይከሳል። ይህ ሁሉ ከፋብሪካው ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ማንም መጥቶ አልመረመረም። አባቴ ግን ምርመራ አላስፈለጋቸውም። ባዝራቸው አፍንጫዋን ወደ ውሃው ታስጠጋና ትመልሳለች፤ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ጥሙ ሲጠናባት ትጠጣለች። «ፈረስ የተጸየፈውን ውሃ ሰው ምን ሊያደርገው ነው?» ይሉ ነበር አባቴ። ከዳገቱ ላይ አንዲት ምንጭ አለች፤ እሷም በበጋ ለሰው እንኳ በጄሪካን ተራ የምትጠበቅ ናት። ስለዚህ ከብቱም ፈረሱም ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሌላ ውሃ የለም።

እኔ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ። ከተማው በወረቀት እንጅባራ ይባል እንጂ ለአባቴ አሁንም ቆሰበር ነው፤ እኔም «ቆሰበር ያለችው ልጄ» ነኝ። የተማርሁት ስለ ባክቴሪያ ነው። መንደር በሄድሁ ቁጥር ጎረቤቶቹ «ተምረሽ ተምረሽ የማይታይ ነገር ቆጣሪ ሆንሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ወንዙን እያየሁ ስመለስ ግን ሳቁ ሚኒባስ ውስጥ ሳልገባ ያልቃል።

ነገሩ የተጀመረው ከፋብሪካው አሮጌ ቦይ ነው። ለዓመታት እጣቢ ሲወርድበት የኖረ፣ ምንም ነፍስ ያለው ነገር ይኖርበታል ተብሎ የማይታሰብ ጭቃ ነበር። ከጭቃው ጥቂት በብልቃጥ ይዤ መጣሁና ቤተ ሙከራ ውስጥ አበቀልሁት። ሌላው ሁሉ ሞቶ ብረቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ተገኙ። እነዚህ መርዘኛውን ክሮሚየም ወደማይሟሟ ዓይነት ይለውጡታል። የማይሟሟው ደግሞ ራሳቸው በሚሠሩት ዝልግልግ ነገር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ውሃው ብቻውን ያልፋል። መርዘኛው ክሮሚየም ቢጫ ያደረገው ውሃ በብልቃጥ ውስጥ ሲጠራ ባየሁ ጊዜ ቁጭ ብዬ የወንዛችንን የድሮ መልክ ለማስታወስ ሞከርሁ። አልመጣልኝም።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሻይ ጋብዞኝ፣ እስክጨርስ ሰምቶኝ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ወንዙ ዳር ካለው ግጦሽ አንድ ጥግ አሳየኝ።

«እዚህ ኩሬሽን ቆፍሪ» አለኝ። «ከእጣቢው ትንሽ እለቅልሻለሁ። ግንቦት ላይ ከክልል ባለሙያዎች ይመጣሉ። ከኩሬሽ የሚወጣውን ውሃ ለክተው ንጹሕ ነው ካሉ፣ ለእጣቢው ሁሉ የሚበቁ ትልልቅ ኩሬዎች እናሠራለን። አይደለም ካሉ ግን ቦታውን ለቆዳ መጋዘን እፈልገዋለሁ።»

«እጣቢውስ?»

«እጣቢው እንደ ወትሮው ይሄዳል። አንድ ጊዜ ነው፣ እህቴ። ባለቤቶቹ ሁለተኛ አይሰሙኝም።»

አንድ ኩሬ፣ አንድ ልኬት። የወንዛችን ነገር እዚያ ላይ ተንጠለጠለ።

ለኩሬው የሚሆነውን ድንጋይ ያስመጣሁት ከጥርባ ሐይቅ አካባቢ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ጥቁር ድንጋይ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ መሸሸጊያ ይወዳል። ድንጋዩን በአይሱዙ ጭኜ፣ ኩሬው ውስጥ ደርድሬ፣ ከቆሰበር ያመጣሁትን የባክቴሪያ ዘር አፈሰስሁበት። ቀለባቸው አተላ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ጠላ በጠመቁ ቁጥር አተላውን በጄሪካን ያስቀምጡልኛል።

«ለማን ነው ይህ ሁሉ አተላ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ለከብቶቼ።»

«የት አሉ?»

«አይታዩም።»

«አዬ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ!» አለች አንዷ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ኩሬው የማይታዩ ከብቶች በረት ሆኖ ቀረ።

ስሙን ከምር የያዙት አባቴ ናቸው። ባክቴሪያ ለሚለው ቃል በአማርኛም በአገውኛም ምትክ ስላላገኘሁለት፣ በአገውኛ፣ እሳቸው በሚያውቁት ነገር ነበር ያስረዳኋቸው። በኩሬው ውስጥ ከብቶች አሉኝ፣ ዓይን የማያያቸው ትንንሾች ናቸው፣ ከውሃው መርዙን መርጠው ይግጣሉ አልኋቸው። አባቴ ከብት ሲያረቡ ያረጁ ሰው ናቸውና የጠየቁኝ ሁሉ የአርቢ ጥያቄ ነበር።

«ይወልዳሉ?»

«ይወልዳሉ፤ በጣም።»

«ብርድ ይጎዳቸዋል?»

«ያደክማቸዋል።»

«ጅብስ?»

«ጅቡ ጸሐይ ነው፣ አባዬ። ውሃው ከደረቀባቸው ያልቃሉ።»

በማግስቱ በኩሬው ላይ አባቴ ከቀርከሃ የሠሩት ዳስ አገኘሁ። በየቀኑ ባዝራቸውን ይዘው ሲወርዱ ኩሬው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ጥጃ ሲጠጋ በዱላቸው ይመልሳሉ። ኔትወርክ ያለ እንደ ሆነ ጠዋት ይደውሉና «ከብቶችሽ ደኅና አድረዋል» ይሉኛል። ከእኔ ከልጃቸው ጋር ብዙ የሚያወሩት ነገር ያልነበራቸው ሰው ናቸው። በዚያ ኩሬ ምክንያት ያወራነውን ያህል በዕድሜያችን አውርተን አናውቅም፤ ያ ጊዜ ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ከዚያ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የዚያን ጊዜው ግን ለሳምንታት ነበር፤ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ አልተገኘም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጥሁት የባክቴሪያው ዘር ተበላሸ። ብዙም አልደነገጥሁም፤ ኩሬው አለ ብዬ ተጽናናሁ። ፋብሪካው በበኩሉ፣ በቅን ልቦና፣ አሮጌውን ቦይ ጭቃውን ዝቆ በሲሚንቶ ለሰነው። ስለዚህ ግንቦት ሲገባ ያለኝ ዘር በሙሉ እዚያ ኩሬ ውስጥ፣ በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ያለው ዝልግልግ ብቻ ነበር።

ባለሙያዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ራሴ ልለካው አልሁና ውሃውን ይዤ ባሕር ዳር ሄድሁ፤ ብረት የሚለካው መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም። የገባው ውሃ የሚያስፈራ ነበር። የወጣው ግን ንጹሕ ነው። መሣሪያው ፊት ቆሜ አለቀስሁ። የመሣሪያው ሠራተኛ፣ ሰው የሞተብኝ መስሎት፣ የታሸገ ውሃ ሰጠኝ፤ ይህን ውሃ አልፈልግም፣ የእኛ ንጹሕ ሆኗል ብዬ ሳቅሁበት። እብድ ሳይለኝ አይቀርም።

ቶሎ ለአባቴ ልንገራቸው ብዬ ብደውል ኔትወርክ የለም። መናኸሪያ ብሄድ መንገድ ተዘግቷል። ባሕር ዳር ከዘመድ ቤት ተቀምጬ በየማለዳው መናኸሪያ እየሄድሁ እመለሳለሁ። ያን የመሰለ ወሬ በአፌ ይዤ የምነግረው ሰው አጣሁ። መንገዱ ሲከፈት ሚኒባስ እንኳ አልጠበቅሁም፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሲሚንቶ በጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቼ፣ ዱቄት መስዬ ዳንግላ ገባሁ። የክልሉ ባለሙያዎች የሚመጡት በማግስቱ ነበር። ከዳንግላ በባጃጅ፣ ባጃጁ ካቆመበት በእግሬ ወደ ኩሬው ወረድሁ።

ከሩቅ ነጭ ነገር ታየኝ። ልብስ አጥበው ያሰጡ መሰለኝ። ቀረብ ስል የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ መንደሩ ግማሹ እዚያ ነው። ሣሩ ላይ ተቀምጠው ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይበላሉ፤ ጠላ ይዞራል። የደቦ ማብቂያ ነው፤ ሰው ጉልበቱን ሰጥቶ ሲጨርስ የሚበላው ምግብ። ምን አጭደው ነው፣ በግንቦት ምን የሚታጨድ አለ ብዬ ሳስብ አባቴ አዩኝና ተነሡ። የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰው ነበር።

«እንኳን ደኅና ገባሽ! መንገዱ ምን አርጎሽ ይሆን ብለን ሙተን ነበር» አሉና ትከሻዬን ሳሙኝ። ከዚያ ክንዴን ይዘው፣ ሰርግ ቤት እንደሚያስገቡኝ ሁሉ፣ ወደ ኩሬው ወሰዱኝ። «ነይ እስቲ እይ።»

ድንጋዮቹ ነጭ ናቸው። ከኩሬው አንድ በአንድ ወጥተው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ተፍቀው፣ በገለባ ታሽተው፣ ታጥበው፣ ኖራ ተቀብተው ተመልሰው ተደርድረዋል። ለበዓል የቤተ ክርስቲያን አጥር፣ ባለሥልጣን ሲመጣ የመንገድ ዳር ድንጋይ የሚቀባውን ኖራ። ውሃውም ነጭ ነው።

«ነገ እንግዳ ይመጣል» አሉ አባቴ። «አንቺ መንገድ ላይ ቀርተሻል። በረትሽን ባይ ባይ አላስችል አለኝ። ስንት ወር ሙሉ እበታቸው አልተጠረገም፤ ድንጋዩ ሁሉ ተዝለግልጎ ጥቁር ሆኗል። ከብት እበቱ ላይ ተኝቶ ምን ጤና ያገኛል? እንግዳስ ምን ይላል? የእገሌ ልጅ ሰነፍ አርቢ ናት ይላል። ደቦ ጠራሁ። ማንም አልቀረ፤ ከዳንግላ ገበያ የሚመለሰው ሁሉ አህያውን አስሮ ገባልሽ። ዘበኛውም ከፋብሪካው ኖራ ሰጠን።»

«ውሃው ውስጥም ጨመራችሁ?»

«ለሽታው፣ ትንሽ።»

«እበት አይደለም» አልሁ። «እሱ እኮ ነው ከብቱ።»

አባቴ አልገባቸውም። ወደ ድንጋዮቹ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ። «የቱ?»

«የጠረጋችሁት! ያ ዝልግልጉ! እሱ ነው ከብቱ፤ እበት የሚባል የለም፤ እሱ ብቻ ነው ያለው። ገደላችኋቸው። አንድም ሳታስቀሩ ገደላችሁብኝ። ማን ንኩ አላችሁ? ማን ለመናችሁ?»

አባት ላይ በሰው ፊት መጮህ በእኛ አገር የሚደረግ ነገር አይደለም። ጠላ ስትቀዳ የነበረችው ሴት ማሰሮውን እንዳዘነበለች ቀረች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ በዚያች ሰዓት እጄ ላይ ማጭድ ቢኖር ምን እንደምሠራ አላውቅም። የምጠላው ሰው ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሁሉም እጁ በኖራ ተልጦ፣ ፊቱ ላብ ይዞ፣ ያለ ክፍያ፣ ለእኔ ብሎ የመጣ ሰው ነው። እነዚያ እጃቸው የቆሰለባቸው ሴቶች ሳይቀሩ በቆሰለ እጃቸው ኖራ ቀብተዋል።

«እጄ አመድ አፋሽ ነው ማለት ነው» አሉ አባቴ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። ሄደው ከባዝራቸው ጎን ተቀመጡ።

ጭቃው ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ከኩሬው የዛቁትን ሁሉ ወንዙ አፋፍ ላይ ቆልለው ኖራ ነስንሰውበታል። ወራት ሙሉ ከእጣቢው የተያዘው ብረት እዚያ ክምር ውስጥ ነው። አሁኑኑ ይነሣ ብዬ ለመንሁ። ደክሟቸዋል፤ ሰድቤአቸዋለሁ፤ ቢሆንም ተነሡ። ጆንያ አምጥተው መሙላት ጀመሩ። ጥቂት እንደ ሄዱ ሰማዩ ከዘንገና በኩል ጠቆረና የግንቦት ዝናብ ወረደ፤ ያ ሰው መቆሚያ የሚያሳጣው ዓይነት። ሁላችንም ዳሱ ሥር ተጠግተን ክምሩ ሲቀልጥ፣ ነጭና ጥቁር ሆኖ ወደ ወንዙ ሲወርድ አየን። ኩሬው ወር ከወር የሰበሰበውን ሁሉ ወንዙ በአንድ ዝናብ መልሶ ተቀበለ።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። መኪናቸው ገና ሳይቆም ሥራ አስኪያጁን ወደ ጎን ወሰድሁት።

«ኩሬው ሞቷል» አልሁት። «ዛሬ አይለኩት። ጊዜ ስጠኝ፤ ዘር ልፈልግ።»

«ምኑ ሞተ? እንዲህ አምሮ?»

«ያማረው ስለ ሞተ ነው። ባሕር ዳር አስለክቼው ነበር፤ ንጹሕ ነበር። እባክህ።»

እውነትም አዘነልኝ። «እንዴት አድርጌ ልመልሳቸው፤ መንገዱን ታውቂው የለ፤ ተመልሰው የሚመጡ ይመስልሻል?» አለኝ። እንግዶቹ በኩሬው ተደሰቱ። ንጽሕናውን አደነቁ፤ በነጫጭ ድንጋዮቹ አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሡ። አንደኛው «ኅብረተሰቡ እንዲህ ሲሳተፍ ደስ ይላል» አለ። ውሃውን ቀድተው ሄዱ።

ውጤቱ እንደ ፈራሁት ነበር፤ የገባውና የወጣው አንድ ዓይነት ነው። ባሕር ዳር ስላስለካሁት ለመናገር ሞከርሁ፤ እሱ የግልሽ ነው ተባልሁ። ሥራ አስኪያጁ አሁንም ሻይ አዘዘልኝ።

«ሞክረሻል፣ እህቴ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለኝ።

«ስለ ፈሰሰ ውሃ አይደል እንዴ የምናወራው?» አልሁት። ሻዩን ትቼው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ማስታወስ ያስጨንቀኛል። ኩሬው ውስጥ ገብቼ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አገላበጥሁ። በቢላ ጫፍ ቀዳዳዎቹን እየፈለፈልሁ በብልቃጥ ሰበሰብሁ፤ ቆሰበር ወስጄ አበቀልሁ። የበቀለው የአተላ ሻጋታ ብቻ ነው። ከክምሩ የቀረውን ጭቃ ሞከርሁ፤ ኖራው አቃጥሎታል፤ ምንም የለም። ከአሮጌው ቦይ ሲሚንቶ አንድ ጥግ ሰብሬ ከሥሩ ጭቃ ልውሰድ ብዬ ለመንሁ፤ አዲስ ሥራ አይሰበርም ተባልሁ። ከቦዩ የተዛቀው ጭቃ የት እንደ ተደፋ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ከሌላ ቦታ፣ ከአፈር ሁሉ፣ ከሰው ጓሮ ሳይቀር እየዛቅሁ ሞከርሁ፤ ክሮሚየሙን ጠብ ሳደርግባቸው ይሞታሉ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነበር። የፈለግሁት ትንሽ ነው፤ ጣት ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ዝልግልግ ብቻ። አንዲት ሕያው ድንጋይ ብትገኝ ሥራ አስኪያጁን እግሩ ሥር ወድቄ እለምነው ነበር፤ ቢያንስ የምለምንበት ነገር ይኖረኝ ነበር።

ኩሬው ተደፈነ፤ የመጋዘኑ መሠረት ተቆፈረ። ድንጋዮቹ ግጦሹ ላይ ተጣሉ፤ የፈለገ ሰው ለአጥሩ ለመደቡ እያለ ወሰዳቸው። መንደር መሄድ አቆምሁ። አባቴም አልደወሉም። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬን አያለሁ፤ ግን ማናችን ምን ልንል ነው? ጠዋት ጠዋት የሚነገረኝ ወሬ አልቋል፤ ደኅና ያደረ ከብት የለኝም።

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የተከራየሁበት ቤት በር ተንኳኳ። ከፈትሁ። ፊት ለፊቴ የአባቴ የንስሐ አባት መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው አባቴ ናቸው፤ አንገታቸውን ሰብረዋል፤ በማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመን በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። የበደለ ይሸከማል፤ ሽማግሌ ወይም ቄስ ይዞ የተበደለው ደጅ ላይ ይቆማል፤ የተበደለው «ይቅር ብያለሁ» ሲል ብቻ ድንጋዩ ይወርዳል። ልጅ ለአባቱ ሲሸከም አይቻለሁ። ወንድም ለወንድሙ ሲሸከም አይቻለሁ። አባት ለልጁ ሲሸከም ግን አላየሁም፣ አልሰማሁምም። ያን ድንጋይ ከመንደር እስከ አስፋልቱ ተሸክመው፣ በሚኒባስ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከመናኸሪያ ደግሞ በቆሰበር ሰው ሁሉ መካከል አንገታቸው ላይ አድርገው ነው የመጡት።

«በደለኛ ነኝ ብሎ መጥቷል፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው።»

ድንጋዩን አወቅሁት። ኖራው በላብ በዝናብ ሳስቷል እንጂ ያ የጥርባ ድንጋይ ነው፤ ከእነዚያ ከኩሬዬ ድንጋዮች አንዱ። ይቅር ማለት ነበረብኝ፤ አፌን ልከፍት ነበር፤ ግን እጄ ቀደመኝ። ድንጋዩን ከአባቴ ማጅራት ላይ አነሣሁትና ወደ ብርሃኑ ገለበጥሁት። ታችኛውን ጎን በጥፍሬ ጫርሁት። ቀዳዳዎቹ ድረስ በኖራ ተደፍኗል።

ቄሱ ደነገጡ፤ ሥርዓቱ እንዲህ አይደለም። አባቴ ግን አልደነገጡም። አንገታቸውን አላቀኑም፤ ከሥር ወደ ላይ ብቻ አዩኝ።

«ከታች ከታች የነበረውን ነው የመረጥሁት» አሉ። «እጃችን በደንብ አልደረሰው ይሆናል ብዬ። ትንሽም የለም?»

«የለም፣ አባዬ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

ያን ጊዜ ነው ይቅር ያልኋቸው፤ ቄሱ አስታውሰውኝ። ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ እሳቸውም ግንባሬን ሳሙኝ። ወደ ቤት አስገብቼ ውሃ ሰጠኋቸው። አባቴ ብርጭቆውን ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ጠጡት። ምሳ ልሥራ ብላቸው፣ ባዝራዬ ሳይመሽ ውሃ መጠጣት አለባት ብለው ተነሡ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። የት እንደሚያጠጧት አልጠየቅኋቸውም።